ሻምበሉ አሜን ያለ ዕለት

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው። ባለፈው ፋሲካ ሰበታ ልጄ ቤት ተሰብስበን ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው ሲሸለም አየን። ካባ ደርበውለታል፤ ረጅም የሕዝብ አገልግሎት ነው፣ ውትድርና ነው፣ ምክር ቤት ነው እያሉ ያወድሱታል። የልጅ ልጆቼ "አኮ፣ ይሄ ያንቺ ሻምበል አይደለም እንዴ?" ብለው ተንጫጩብኝ። አኮ የሚሉኝ በኦሮምኛ አያት ማለታቸው ነው። አዎ፣ የእኔው ሻምበል ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል፣ ሆዱ ወደ ፊት መጥቷል፣ ደረቱን መንፋቱ ግን ያው ነው። በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪን አሉኝ። ትልቋ ደግሞ አንቺ ተናገሪ እኔ እጽፋለሁ አለች። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቃሉ የእኔ ነው፣ ነጥቡና ሰረዙ የእሷ።

ያኔ ባሌ ከሞተ ትንሽ ቆይቶ ነበር። ቤት የለኝም ማለት አልወድም፣ ሦስት ቤት አለኝ እላለሁ። ትልቁ ልጄ ሰበታ ፋብሪካ ይሠራል። መካከለኛዋ ቡራዩ ተከራይታ ትኖራለች። የመጨረሻዋ መስታወት ሱሉልታ የራሷን ቤት ሠርታለች። እኔ ጋቢዬን ለብሼ፣ ዱላዬን ይዤ፣ ልብሴን በፌስታል ቋጥሬ ከአንዱ ወደ አንዱ እዞራለሁ። ምራቴ ፊቷ ጠቆር ሲል እኔ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ፤ አማቼ ጉሮሮውን ሲጠርግ ደግሞ ሌላ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። የዊንጌትና የአየር ጤና ረዳቶች እንኳን ለምደውኝ "እማማ ዛሬ ተራው የማን ነው?" ይሉኛል። በዚያ ዘመን ከዚያ ያለፈ ነገር የጠየቀኝ ሰው አላስታውስም።

ምርጫው ሲቃረብ መስታወት ጋ ነበርኩ። ከዕለታት አንድ ቀን የሰፈሩ ሰው በሙሉ ቀብር ወጣ። ሟች የሁላችን ጎረቤት ስለነበሩ ቤት የቀረ የለም፤ በራችንን ቆልፈን ሄድን። ስንመለስ በተርታ ያሉት ቤቶች ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ተቀብቶ ጠበቀን። መስቀል የመሰለ፣ ከእኔ ቁመት የሚበልጥ ቀይ ምልክት። በእኛ አካባቢ ያ ምልክት ምን እንደሆነ ሕፃን ልጅም ያውቃል፤ ይፈርሳል ማለት ነው።

መስታወት በሯ ላይ ቁጭ አለች። አላለቀሰችም። ባሏ በረሃ ግንባታ ላይ ነው፣ ስልክ አይገባለትም። በማግሥቱ ማዘጋጃ ቤት ሄደች፤ እኛ አናውቅም፣ ከላይ ይሆናል አሏት። ከላይ ስትጠይቅ ከታች ይሆናል አሏት። እኔ አላስቀባሁም ያለ የለም፣ አስቀባሁ ያለም የለም። ጎረቤቶቿ ደግሞ ዶዘር ከመጣ ቆርቆሮሽን እንደ ወረቀት ይጨመድደዋል፣ አስቀድመሽ አንሺው አሏት። ሌላ ሰፈር እንዲያ ሲሆን አይተዋል። እሷም አናጢ ጠርታ ከማዕድ ቤቱና ከልጆቹ ክፍል ጀመረች። ምስማሩ ሲነቀል የሚያሰማው ጩኸት እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልጆቿን ጎረቤት አስጠጋች። "እማዬ፣ ቆርቆሮውን ወንድሜ ጋ አስቀምጪልኝ" አለችኝ። ያንን ልነግረው ሰበታ ወረድኩ።

ሰበታ በደረስኩ በማግሥቱ፣ ዓርብ ነው፣ ልጄ ሥራ ላይ ሳለ ሁለት የሴቶች ኮሚቴ አባላት በር አንኳኩ። አንደኛዋ ከራሴ እስከ እግሬ በግ እንደሚገዛ ሰው አየችኝና ለጓደኛዋ "እኚህ ይሆናሉ" አለቻት። እኛ ጋ ስብሰባ ያለ ምርቃት አይከፈትም። ሽማግሌ ወንድ ሞልቷል፤ ነጠላዋ ነጭ፣ ፀጉሯ ነጭ፣ ቀን ቤት የምትገኝ እናት ግን አትገኝም። ያ አካባቢ ሰው ሁሉ ከሌላ ቦታ መጥቶ የሰፈረበት ነው፤ አሮጊት ደግሞ የየት ሰው ነሽ ተብላ አትጠየቅም፣ ነውር ነው። ስለዚህ አልጠየቁኝም። ወስደው የምርጫ ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ከፊት ወንበር አስቀመጡኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይመጣልና። የሚመርቅ ሽማግሌ አይቋረጥም። ሹምም ይሁን ጄኔራል፣ እጁን ዘርግቶ አሜን እያለ እስኪያበቃ ይቆማል።

እኔ መረቅሁ፣ ሰዉ አሜን አለ፣ ተቀመጥኩ። ከዚያ ሻምበል ቱሉ ተነሣ። የክልሉ ምክር ቤት አባል ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ ሊመረጥ፣ ለፓርቲውም በየከተማው እየዞረ ሊቀሰቅስ ነው የመጣው። ከኋላዬ የተቀመጡ ሴቶች እየተሳሳቁ የሚያወሩትን እሰማ ነበር። መጀመሪያ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበር አሉ፤ ከዚያ ወረዳ ገባ፣ ከዚያ ምክር ቤት። ፓርቲው ስሙን ሲቀይር እሱም ኮቱን ቀይሮ ቀጠለ። ምክር ቤት ውስጥ አንድም ቀን ተናግሮ አያውቅም፣ እጅ አውጡ ሲባል ግን የሚቀድመው የለም ይላሉ። አንደኛዋ "ክንዱ ደህና መሆኑን ለማየት ነው" አለች።

እሱ ስለ ውትድርናው ተናገረ። ጦር ሜዳ ላይ ጥይት ግራ ጉልበቱን እንደመታው፣ በአንድ እግሩ እየዘለለ ጓዱን ተሸክሞ እንደወጣ ነገረን። ከመድረክ ሲወርድ በግራ እግሩ አነከሰ። መጥቶ ጉልበቴን ሳመና ለሰዉ "የሰበታ እናት መርቃኛለች" አለ። አንጀቴን በላው። እንደዚህ ያለ ሰው ነው መስታወትን የሚያስጥልልኝ አልኩ በሆዴ። ላነጋግረው ስነሣ መኪና ውስጥ ገብቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ቡራዩ ሄድኩ። ለልጄ የእህቷን ነገር ልነግራት ነበር። ጋቢዬን ሳላወልቅ ሌሎች ሁለት የሴቶች ኮሚቴ አባላት መጡ። እንደገና "እኚህ ይሆናሉ" ተባልኩ። እምቢ ልል ነበር፤ ሻምበል ቱሉ ይመጣል ሲሉኝ ጊዜ ግን እኔው ቀድሜያቸው ወጣሁ።

አዳራሹ ሲደርስ አየኝ። ደንገጥ አለ፣ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ዱላዬን አየ፣ ወደ ጸሐፊው ዞረ፣ ተመልሶ እኔን አየ። እኔ ምን አገባኝ፣ መረቅሁ። ከዚያ ስለ ውትድርናው ጀመረ። ቡራዩ ላይ ጥይቱ ቀኝ ትከሻው ላይ ነበር። ጉልበቱን አላነሣውም። ከመድረክ ሲወርድም ደህና አድርጎ ነው የሄደው፣ ክንዱን ብቻ ትንሽ አጠፍ አድርጎ። በአንድ ቀን ከጉልበት ትከሻ የደረሰ ጥይት ሱሉልታ ሲገባ የት ይወጣ ይሆን እያልኩ በልቤ ሳቅሁ። "የቡራዩ እናት መርቃኛለች" ሲል ግን ሳቄ ቆመ። ይሄ ሰው ለሰበታ የነገረው ለቡራዩ ካልሆነ፣ ለእኔ የሚነግረኝ ለመስታወት ይሆናል?

ስብሰባው ሲያልቅ እጁን ያዝኩት።

"ሻምበል፣ ልጄ፣ ጉዳይ አለኝ።"

"ለጸሐፊዬ ይንገሩ እማማ። ነገ የት ነው የሚውሉት?" አለኝ።

"ሱሉልታ።"

ሳቀ። "እዚያም እናት ነዎት?"

"እዚያ እንኳን የእውነት ነኝ፤ ልጄ አለች።"

አሰብ አደረገና ጸሐፊውን ነገ መኪናው እማማንም ይያዝ አለው። አመራረቄን ወዶት ነው መሰለኝ። ወይም ሌላ አሮጊት ከመፈለግ ቀለለው።

እሑድ ጠዋት መኪናው ቡራዩ መጣ። ሹፌሩ ደበበ የሚባል ጎልማሳ፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ሻምበሉ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እግሬ ሥር ባልዲና ትልልቅ ስፖንጅ ነበር። ለምርጫ ወረቀት መለጠፊያ ይሆናል አልኩና ፌስታሌን እላዩ ላይ አስቀመጥኩ። አስኮን፣ ዊንጌትን አልፈን ወደ አዲሱ ገበያ ስንወጣ ሻምበሉ ደከመው፤ ከረባቱን ፈታ። ሰው ከረባቱን ሲፈታ እውነት ይናገር ይሆናል ብዬ ጠየቅሁት።

"ልጄ፣ ጥይቱ የመታህ በእውነቱ የት ጋ ነው?"

ደበበ ሳል ያዘው። ሻምበሉ በመስኮት ወደ ውጭ አየ።

"ጥይት አልመታኝም እማማ። የውሃ ቦቴ ነበር የምነዳው።"

ከዚያ ሳልጠይቀው ይነግረኝ ጀመር። ለወታደሩ ውሃ ያመላልስ ነበር። መንገዱ ይመታል፣ ጎማው ይፈነዳል፣ ብቻውን ነው የሚነዳው። ሲደርስ ከንፈራቸው የተሰነጠቀ ወታደሮች ከጉድጓድ እየወጡ የቦቴውን ሆድ ያቅፉታል። አንዱ ኮዳውን ከሞላ በኋላ ሳይጠጣ ሄዶ የቆሰለ ጓደኛውን ፊት ሲያጥብ አይቷል። ይሄን ሲነግረኝ ድምፁ የመድረኩ ድምፅ አልነበረም። ወደድኩት ልላችሁ ነው፣ ለዚያች ለትንሽ ሰዓት።

"ታዲያ ይሄን ለምን አትነግራቸውም?"

"ውሃ ያመላለሰ ሰው ማን ይመርጣል እማማ" አለኝ።

ይሄን ሲለኝ በመንገዱ ዳር ቢጫ ጀሪካናቸውን ደርድረው ወረፋ የያዙ ሴቶችን እያለፍን ነበር። ወረፋው መኪናው ታጥፎ እስኪያልፈው ድረስ አላለቀም።

ያኔ የመስታወትን ነገር አነሣሁ። ስለ ቀዩ ምልክት እንደሰማ፣ ጉዳዩ በሂደት ላይ እንደሆነ ነገረኝ። ሂደት የምትለውን ነገር አላውቀውም፣ እሷ ግን ቆርቆሮዋን እያነሣች ነው አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ።

"ቆርቆሮዋን? ማን አንሺ አላት?"

"ማንም። ሰው ይፈራል።"

ደበበን አየው፣ ደበበ መንገዱን አየ። ስንደርስ ሻምበሉ ከረባቱን እያሰረ "ምርቃቱን አጠር ያድርጉት፣ ፕሮግራም ይጣበብብናል" አለኝ።

ድንኳኑ የተተከለው ከእነ መስታወት ሰፈር አጠገብ፣ ሜዳው ላይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው፣ ከቸርች የወጣው፣ ከመስጊዱ አካባቢ የመጣው ተቀላቅሎ ሞልቷል። የቴሌቪዥን ካሜራ የያዙም አሉ። ከድንኳኑ ጀርባ ድስት ተጥዷል፤ የሥጋ ወጡ ሽታ ከፊት ወንበር ድረስ ይመጣል፣ ኮሚቴዎቹ አንገታቸው ወደዚያ ነው። መርሐ ግብር መሪው ከምርቃት በኋላ ንግግር፣ ከንግግር በኋላ ምሳ፣ ከምሳ በኋላ የመስክ ጉብኝት ይኖራል አለ። እኔ ምሳውንም ጉብኝቱንም አልሰማሁት። መስታወትን ነበር የማየው። ዳር ላይ ቆማለች፤ ትንሹን ልጅ አዝላለች፣ ፀጉሯ ላይ የጣራ አቧራ አለ። እኔን ከሹም ጋር ሳለሁ ስታየኝ ዓይኗን ሰበረች፤ አፈረችብኝ መሰለኝ።

ያ ነው ያስቆረጠኝ። ሁለት ቀን ሙሉ የማንም እናት ስባል ዝም አልኩ፤ የራሴ ልጅ ግን እናቷን እንደ ባንዲራ አስጊጠው ሲያዞሩባት እያየች ነው።

ማይኩን ሰጡኝ። ተነሡ ልጆቼ፣ እጃችሁን ዘርጉ አልኩ። ተነሡ። ሻምበሉ ከጎኔ ቆሞ ሁለት መዳፉን ዘረጋ። የሞተ ይማር፣ ያለ ይኑር፤ አሜን። ልጆቻችሁ ለወግ ለማዕረግ ይብቁ፤ አሜን። ዝናቡን በወቅቱ ያምጣው፤ አሜን። ኦሮምኛውም አማርኛውም፣ የመስቀሉም የመስጊዱም፣ አሜን ላይ አይለያዩም። ሻምበሉ በዓይኑ ይብቃ የሚል ምልክት አሳየኝ። ላለማየት ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ይሄን ልጃችንን ሻምበልን እግዜር ይጠብቅልን።"

"አሜን።"

"እጁን ይባርክለት።"

"አሜን።"

"በዚያ በተባረከ እጁ፣ በነዚህ ቤቶች ግድግዳ ላይ ያለውን ቀይ ምልክት ዛሬውኑ፣ ጀንበር ሳትጠልቅ፣ ያጥፋልን።"

የድስቱ መንተክተክ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ከኋላ አንዲት ሴት "አሜን" አለች፤ የመስታወት ድምፅ ነበር። ቀጥሎ ሰዉ ሁሉ በአንድ ላይ "አሜን፣ ሃ ተኡ"፣ ይሁን፣ ብሎ ድንኳኑን ነቀነቀው። ዓይኔን ገለጥኩ። የሻምበሉ መዳፍ እንደተዘረጋ ነው፣ አፉ ግን አልተንቀሳቀሰም።

"ሻምበል፣ ያንተን አሜን አልሰማሁትም ልጄ" አልኩት፣ በማይኩ።

ምን ያድርግ። ካሜራው ላዩ ላይ ነው፣ መዳፉ ተዘርግቷል፣ አሮጊት ደግሞ አትቋረጥም። ድስቱ ወዳለበት አንዴ አየና "አሜን" አለ።

ከዚያ በኋላ ንግግርም የለ፣ ጉልበትም ትከሻም የለ፤ ሰዉ ከበበው። እልል እየተባለ እየተገፋም እየተመራም ወደ ቤቶቹ ሄደ። ደበበ ከመኪናው ባልዲውንና ስፖንጁን ይዞ መጣ። ባልዲው ከየት መጣ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም ፌስታሌ ተረግጦ ይሆን ብዬ ነው ያሰብኩት። ውሃውን ከጀሪካናቸው የሰጡት ሴቶቹ ናቸው፣ ወረፋ ተሰልፈው ያመጡትን። ሻምበሉ ኮቱን አውልቆ የመስታወትን ግድግዳ ማሸት ጀመረ።

ቀለሙ ለቀቀ። በአንድ ማሸት፣ እንደ ደም እየተንጠባጠበ ወረደ። ሌላ ሰፈር ያለው ቀይ ምልክት ስንት ክረምት አልፎበት እንኳን እንዳልደበዘዘ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። የእማማ ምርቃት ነው፣ ግድግዳው ሰማ አሉ። አንዲት ሴት መጥታ እጄን ሳመች። ሻምበሉ ላቡን እየጠረገ ወደ ካሜራው ዞሮ ይሄ ሰፈር አይፈርስም አለ፤ ከበላዩ ግን ልጄ ያነሣችው ጣራ የለም፣ ከግድግዳው በላይ ሰማይ ብቻ ነው። ቴሌቪዥኑ እስከ ግድግዳው ድረስ ብቻ ነው ያሳየው። መስታወት አጠገቤ መጣችና "እማዬ፣ አንቺ ነሽ?" አለችኝ፣ እንደማታውቀኝ። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ተመረጠ። እንዴት አይመረጥ። ኋላ የመሬት ጉዳይ የሚያይ ኮሚቴ ሰብሳቢም ሆነ አሉ፣ እጁን ማውጣቱን ግን አልተወም። ጥይቱ በመጨረሻ የት እንደቆመ አልሰማሁም። ቦቴውን ለማንም እንዳልነገረ ግን ፋሲካ ለት ካባ ሲያለብሱት አይቻለሁ፤ ስለ ቁስሉ ነበር የሚያወሩት።

ይህን የምታነቡ ልጆች፣ ያ ቀን እኔን ምን እንዳደረገኝ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት የሚያዞሩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ ራሴ ነኝ የምዞረው። ከቡራዩም ከሰበታም፣ አንዴ ከፉሪ ድረስ፣ ምርቂልን እያሉ መጡ። ስብሰባ ሲጠሩኝ ከመሄዴ በፊት ምን ልትሠሩ ነው የምመርቃችሁ እላለሁ፤ መልስ የሌለው ሌላ አሮጊት ይፈልጋል። የውሃውን ነገር ሴቶቹ ሊጠይቁ ሲሄዱ ከፊት ሆኜ ሄጃለሁ፤ ጽሕፈት ቤት ገብቼ ቆሜ ተናግሬያለሁ። ምራቴ ፊቷን ስታጠቁር አሁን ሚኒባስ አልይዝም፣ ምን ሆነሻል ብዬ እጠይቃታለሁ። ኋላ የሰማሁት ነገር ቢያስቀኝም ይሄን አልወሰደብኝም። የመስታወት ጣራ ግን ተመልሶ ቢመታም የድሮው የምስማር ቀዳዳ ስላለበት እስከ ዛሬ ያፈሳል፤ ክረምት ሲሆን ከልጆቹ አልጋ አጠገብ ሳፋ እናስቀምጣለን።

የሰማሁት እንዲህ ነው። አምና ቡራዩ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከአንድ ሽበታም ሰው አጠገብ ተቀመጥኩ። እማማ አላወቁኝም አለኝ፤ ደበበ ነበር። ሻምበሉን ከተወው ቆይቷል። ስለ ሟች ጥቂት አወራንና ስለዚያ እሑድ አነሣሁበት፤ በምርቃቴ የለቀቀውን ቀለም። አንገቱን ደፋ። ቀዩን የቀባው እሱ ራሱ ነው። ሰዉ ቀብር የወጣበትን ቀን ጠብቆ፣ በሻምበሉ ትእዛዝ፣ ውሃ ሲነካው በሚለቅ ቀለም። ሻምበሉ በምርጫው ሰሞን መጥቶ በካሜራ ፊት ሊያጥበው ነበር፤ ጣራ ያነሣሉ ብሎ ግን አላሰበም። የመስክ ጉብኝት የተባለውም ያ ነው፤ ባልዲውም ለዚያ ነው የተያዘው። ደበበ ነገሩን ሊያቀልልኝ ነው መሰለኝ ትንሽ ፈገግ አለ።

"ያው ከምሳ በኋላ ልናጥበው የነበረውን ከምሳ በፊት አጠብነው እማማ" አለኝ። "ስንመለስ ኮሚቴዎቹ ድስቱን ጠርገውት ጠበቁን።"